ዘሐራ ወንድሟን በአገር ፋንታ የሰጠች ጊዜ

ባለፈው ክረምት ልጄ የወንዱን ልጇን ሹራብ አጥባ፣ ፀሐይ እምቢ ቢላት፣ ከሰል ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ዘረጋችው። እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ዜና እያየሁ ነበር። እርጥብ ሱፍ ሙቀት ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? በግ በግ ይላል፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ የሕፃን ልጅ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ሽንት ሽንትም ይላል። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ "ኤጭ! መስኮት ልክፈት" ብላ ተነሣች። "ተይው!" ብዬ ጮኽኩባት። ደነገጠች፣ ምስኪን። ምን ብዬ ላስረዳት? ያ ሽታ ለእኔ ጎባ ነው። ሃያ ዓመቴ ነው። የሠላሳ ሕፃናት ሹራብ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተሰቅሎ፣ ውጪ የባሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ "እትዬ ጽጌ" እየተባልኩ መሀል ቆሜ ነው። መስኮቱ ሳይከፈት ቀረ፤ እኔም ሹራቡ እስኪደርቅ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ተኛሁ።

ሹራቡ የቅዱስ ነው። ቅዱስ የልጅ ልጄ ነው፤ አራት ዓመቱ፤ እህት ከተወለደችለት ወዲህ የቤቱ ሽፍታ ሆኗል። ሰው እያየው "መልሷት" ይላል፤ ሰው ሳያየው ይቆነጥጣታል። እናቱ ስለ ቅናት የሚያስተምር ባለሥዕል መጽሐፍ ገዝታ በየቀኑ ታነብለታለች። ድቡ ቀና፣ ድቡ ተቀጣ፣ ድቡ ይቅርታ ጠየቀ፣ ድቡ ታናሹን አቀፈ፣ አለቀ። አንድ ቀን ቅዱስ መጽሐፉን ወስዶ ሽንት ቤት ጨመረው። እኔ አልፈረድኩበትም። ልጄ ግን ተናዳ "እማዬ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ሕፃን አስተምረሽ የለም እንዴ? እናንተ ያኔ ለሚቀና ልጅ ምን ታደርጉ ነበር?" ብላ አፋጠጠችኝ። "ተረት እንነግር ነበር" አልኳት። "እና እኔስ ምን አደረግሁ?" አለች። እውነቷን ነው። ግን ተረትም ተረት አለው። ይህን ለማስረዳት የዘሐራን ነገር ከሥሩ መንገር ነበረብኝ።

እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ሙቀትና አቧራ ያሳደገኝ። አዲስ አበባ ለመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነት ጥቂት ወር ሠለጠንን፤ ዕጣ ሲወጣ ለእኔ "ባሌ፣ ጎባ" ደረሰኝ። እናቴ የሞትኩ ያህል አለቀሰች። ሻሸመኔ አድረን፣ በዶዶላ በአዳባ አድርገን ዲንሾን ስናልፍ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ እኔ በናይለን ሸሚዝና በቦላሌ ሱሪ። ቦላሌን ታስታውሳላችሁ አይደል? ከታች ቀሚስ የሚያህለውን። የባሌ ነፋስ በቁርጭምጭሚቴ ገብቶ በአንገቴ ይወጣ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አይተው አይተው "ልጄ፣ ይህን ሱሪ የሸጠልሽ ሰው ደመኛሽ ነው፣ ወላሂ" አሉኝና የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ ጣሉልኝ። ጎባ የገባሁት እንግዲህ በማላውቀው ሰው ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ነው።

ጎባ ያኔ ጎባ ነበረች! የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ፤ አስተዳዳሪው እዚያ፣ ጦሩ እዚያ፣ ሆስፒታሉ እዚያ። ከየአገሩ የመጣው መምህርና ነርስ፣ ካኪ የለበሰው ካድሬ፣ ፈረሱን አሸብርቆ ብርድ ልብስ ደርቦ የሚገባው ባላገር፣ ሁሉም በዚያችው ዳገታማ መንገድ "አካም ቡልተን" እየተባባለ ይተላለፋል። ሮቤ ያኔ ቁልቁል ሜዳው ላይ የተዘረጋች የገብስና የስንዴ ገበያ ናት፤ ጋሪና ጭቃ። ዛሬ ሮቤ አስፋልቱንም ፎቁንም ዩኒቨርሲቲውንም አግኝታ ታላቋን ጥላ ሄዳለች። ጎባዎች ስለ ሮቤ ሲያወሩ ድምፃቸው ውስጥ የምትሰማዋን ቅናት እኔ በደንብ አውቃታለሁ፤ የኖርኩባት ሙያ ናት። ሻይ በዳቦ በስሙኒ የሚጠገብበት ጊዜ ነበር። ከሃረና ጫካ የመጣ ማር በርካሽ ይገኛል፤ ስኳር ግን በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው። ሰልፉ ላይ ሴቱ ሁሉ ኪሮሹን ይዞ ዳንቴል እየሠራ ይቆማል፤ ወሬው ይሠራል፣ ዳንቴሉ ይሠራል፣ ሰልፉ ብቻ አይንቀሳቀስም። እኔም ሹራብ መሥራት የተማርኩት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሹራቤ አንዱ እጁ ከሌላው ይረዝም ነበር፤ አፍሮዬን በሻሽ አስሬ ያንኑ ለብሼ ስወጣ ራሴን የከተማው ቆንጆ አድርጌ ነበር የማየው።

መዋዕለ ሕፃናታችን ከአንድ ባለጸጋ የተወረሰ ቤት ነበር፤ ሳሎኑ ክፍላችን ሆነ። ልጆቹን የሰልፍ መዝሙር አስተምሪ እባላለሁ፤ ቃሉን እኔም በቅጡ አልገባኝም፤ እነሱ ጡጫቸውን ሽቅብ ሲሰነዝሩ አንዱ የአንዱን አፍንጫ ይመታል። ግማሾቹ በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ የከተማው ነጋዴ ልጆች፣ ግማሾቹ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ናቸው። ሳምንት ሳይሞላቸው በሁለቱም ቋንቋ ይሰዳደባሉ። እኔን ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ከሰላምታው ይልቅ ስድቡን አጣርቼ የማውቀው ለዚህ ነው።

ዘሐራ ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ አምስት ዓመቷ። እናቷ ወይዘሮ ከድጃ ገበያ መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። አባቷ ሸቀጥ ይዘው ገሰራና ጊኒር፣ ሰው ለስለት በሚጎርፍበት በዝያራው ጊዜ ደግሞ ሼክ ሁሴን መቃብር ድረስ እየወረዱ የሚነግዱ ጭምት ሰው ናቸው። ዘሐራ ብቸኛ ልጅ ሆና ስትኖር ኖራ፣ እናቷ ሼክ ሁሴን ሄደው ተስለው ከማል ተወለደ። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ፣ በግ ታረደ። ድሮ ዘሐራን እናቷ አዝለው ነበር የሚያመጧት፤ ያን የምታህል ልጅ ታዝላ ስትመጣ እንስቅባት ነበር። አሁን በዚያ ጀርባ ላይ ከማል አለ። ዘሐራ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ፣ የሹራቧ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፎ፣ ፀጉሯ ሳይሠራ፣ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ሌላ ልጅ ሆነች። ልብሷ ላይ ትሸናለች፣ ጓደኞቿን ትነክሳለች። ለወይዘሮ ከድጃ ብነግራቸው ሣቁ። "ቀንታ ነው፤ ያልፍላታል። እኔም ወንድሜ ሲወለድ ጆሮውን ነክሼው ምልክቱ አሁንም አለ። ይኸው ዛሬ ሱቁን የከፈተልኝ እሱ ነው፣ አልሐምዱሊላህ!"

በሥልጠናው ላይ "ሕፃን ሲቀና አትቆጡት፣ ተረት ንገሩት" ተብለናል፤ ተረቱም አብሮ ተሰጥቶናል። ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። ታላቂቱ በታናሺቱ ቀናችና ከእናቷ ክንፍ ሥር ወጥታ አኮረፈች። ጭልፊት መጣና ወሰዳት። እኔ ደግሞ ተረት ላይ አልታማም። ነጠላዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ በልጆቹ ራስ ላይ ሳንዣብብ ቆይቼ "ላፍ!" ሳደርግ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ዘሐራ ብቻ አልጮኸችም። እጇን አወጣችና "እትዬ፣ ጭልፊቱ የቀናችዋ የትኛዋ እንደሆነች በምን አወቀ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሣቅሁና "ጭልፊት ሁሉን ያያል" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ዘሐራ ሰው አልነከሰችም። ወንድሟን በሰው ፊት አገላብጣ ትስመዋለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር አመሰገነኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ልጅቷ ከቤት በወጣች ቁጥር አንጋጣ ሰማይ ሰማይ እንደምታይ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

የእንቆቅልሹ ቀን እንግዲህ የዝናብ ቀን ነበር። ውጪ መጫወት አይቻልም፤ ሹራቡ ምድጃ ዙሪያ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። ደንቡን ያደገበት ሁሉ ያውቀዋል፤ መመለስ ያቃተው አገር ይሰጣል፤ የተሰጠው አገር ካልጣመው "ሌላ ስጠኝ" ይላል። የዘሐራ ተራ ሲደርስ ጠያቂዋ ጌቱ ሆነ። ጌቱ የወታደር ልጅ ነው፤ አባቱ ግንባር ከሄደ ቆይቷል። እናቱ አሰለፈች መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት፤ እህት ወንድም የለውም።

"እንቆቅልሽ!" አለ ጌቱ።

"ምን አውቅልህ!"

"ሌሊት ነጭ ጋቢ ለብሳ የምታድር፣ ፀሐይ ሲወጣ ራቁቷን የምትቀር?"

ዘሐራ አሰበች፣ አሰበች። በጎባ ጠዋት ጠዋት አመዳይ የሚያለብሳት ሜዳ መሆኗ አልመጣላትም።

"አላወቅሽም! አገር ስጪኝ!"

"ሮቤን ሰጠሁህ።"

"ሮቤ አክስቴ አለች፤ ሳትሰጪኝም እሄዳለሁ። ሌላ!"

"ገሰራን።"

"ጭቃ ነው።"

"ሃረናን።"

"ጅብ አለ። ጥሩ አገር ስጪኝ!"

"አዲስ አበባን።"

"አዲስ አበባን ቅድም ለእኔ ሰጥተሽኛል!" ብላ አልማዝ የምትባል ልጅ ከወዲያ ጮኸች። ልጆቹ ሁሉ መሰከሩ። ዘሐራ አገር አለቀባት። እግሯን መሬት ላይ ደበደበችና "እንግዲያው ከማልን ውሰድ!" አለች።

"የቱን ከማል?" አለ ጌቱ። "ወንድሜን! ወስደህ ጥግብ በል!" አገር የተቀበለ ሰው ደንቡ መፎከር ነው፤ እዚያ አገር ገብቼ እኔ በፈረስ አንቺ በእግርሽ እያለ ተሸናፊውን ማብሸቅ ነው። ጌቱ አልፎከረም። አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ሆዴን ይዤ ሣቅሁ።

ወዲያው ወይዘሮ ከድጃ ዣንጥላ ይዘው፣ ከማልን አዝለው ሊወስዷት መጡ። ጌቱ ከፊታቸው ሄዶ ቆመና "እትዬ ከድጃ፣ ከማልን ይስጡኝ፤ ዘሐራ ሰጥታኛለች" አላቸው። የእኛ አገር ትልቅ ሰው ልጅን መቀለጃ ማድረግ ሲወድ! "አብሽር! ውሰደው የኔ ጌታ። እንቅልፍ ነስቶኛል። ግን በምን ታሳድገዋለህ?" አሉት።

ጌቱ አሰበ። "ሻይ ቤታችን ወተት አለ።"

"ሽንት ጨርቁንስ?"

"እናቴ ታጥባለች።"

"ካለቀለትማ ምን ቀረ! ዛሬ ብርድ ነው፤ ነገ ጠዋት መጠቅለያ ይዘህ ና፣ ጠቅልለህ ትወስደዋለህ።" ከዚያ ዘሐራን "ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ" ብለው እየሣቁ ወጡ። እኔም እየሣቅሁ ሸኘኋቸው። ከልጆቹ አንድም የሣቀ አልነበረም።

በማግስቱ ዘሐራን ያመጧት አባቷ ናቸው። ፊታቸው ጠቁሯል። ከማል ሌሊት ደረቱ ተዘግቶ ሲያቃስት አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ እናቱ ሆስፒታል ይዘውት ገብተዋል። "ሳንባ ምች ነው ይላሉ። አላህ ያውቃል" አሉኝና ዘሐራን ትተው ተመልሰው ሄዱ። አሁን በልጅቷ ዓይን እዩት። ትናንት ወንድሟን ሰጠች። እናቷ "ነገ ውሰደው" አሉ። ጠዋት ስትነሣ ወንድሟም የለም፣ እናቷም የሉም። በመስኮት ብታይ ደጃፋቸው ላይ ጌቱ የእናቱን ጋቢ በክንዱ ይዞ ቆሟል!

ጌቱ ክፍል ሲገባ ዘሐራ ሄዳ ሹራቡን ጨመደደችው። "ወንድሜን መልስልኝ!"

"የኔ ነው" አለ ጌቱ። "ታሞብኛል።"

ታሞብኛል! በዚያው ቀን ሻይ ቤታቸው ለገባው ሰው ሁሉ "ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቷል" ማለት ጀመረ። የማያውቅ ሹፌር ሁሉ "እግዜር ይማርልህ" እያለ ከረሜላ ይገዛለታል። ዘሐራ ግን እህል አልቀምስ አለች። ወተቷ ቀዝቅዞ ቆዳ ያበጃል፤ ብስኩቷን ሌሎቹ ይበሉታል። ጥግ ወስጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳትና "ምን ሆነሻል?" አልኳት። በጆሮዬ ነገረችኝ። ከማል ሲድን ከሆስፒታል የሚሄደው ጌቱ ቤት ነው፤ የእሱ ነዋ። እማዬም ልታጠባው አብራው ትሄዳለች። "ካልዳነ ደግሞ" አለችና ቆመች። "ካልዳነ እኔ ስለሰጠሁት ነው። እኔንም ጭልፊቱ ይወስደኛል።" የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን የቱ ብስል የቱ ጥሬ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። "ጨዋታ ነው እኮ የኔ ቆንጆ" ብላት "እማዬም ውሰደው ብላለች" አለችኝ። ልጆቹን ብጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ ፈረዱ፤ አገር ተሰጥቶ አይመለስም።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። ከማል የእጅ ስፋት በማታህል ደረቱ ትንፋሽ ፍለጋ ይታገላል፤ ጎድኑ ይገባል ይወጣል። ወይዘሮ ከድጃ ሲያዩኝ እጄን ያዙኝ። "አንቺ ልጅ፣ ምን አፌ አመጣው? ውሰደው አልኩ እኮ! ሼክ ሁሴን ድረስ ሄጄ ያገኘሁትን ልጅ በገዛ አፌ! አስተግፊሩላህ!" ብለው አነቡ። "ኧረ ይተዉ፣ ቀልድ ነው" አልኳቸው። ከዚያ ስወጣ ግን አሰብኩ። ይህ ሕፃን የሞተ እንደሆነ እናትየዋስ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያለቅሳሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ሰው ያጽናናቸዋል። ያቺን ልጅ ማን ያጽናናታል? ወንድሜን በእንቆቅልሽ ሰጥቼ ገደልኩት ብላ እስከ እርጅናዋ የምትኖረውን ልጅ?

በማግስቱ ጌቱን ለብቻው ጠርቼ ለመንኩት። "ጌትዬ፣ ከማልን ብትመልስላት ምን አለ?"

"እምቢ።"

"ለምን?"

እንደ ሞኝ አየኝ። "እማዬ ወንድም የሚመጣልህ አባዬ ሲመጣ ነው ብላኛለች። ወንድሜ መጣ እኮ። አሁን አባዬ መንገድ ላይ ነው።"

ምን ይባላል? ቆጥቼ "መልስ!" ማለት እችል ነበር፤ ፈርቶ ይመልስ ነበር። ግን በግድ የተመለሰውን ዘሐራ አታምነውም፤ ከእሱም አባቱን በእጄ የነጠቅሁት ያህል ነው። የቀረኝ ያው ተረት ነው። የተሰጠኝ ተረት ደግሞ ጭልፊት አለበት። ስለዚህ መጨረሻውን ሳላውቅ አንዱን ጀመርኩ።

"ሳነቴ ላይ አንዲት ትንሽ ፍልፈል ነበረች" አልኳቸው። ሳነቴ ከጎባ በላይ ያለው አምባ ነው፤ ፍልፈሉንም ቀበሮውንም ልጆቹ ያውቋቸዋል። "ጉድጓዳቸው ውስጥ ከእናቷ ጎን ነበር የምትተኛው። አንድ ቀን ወንድም ተወለደና ቦታዋን ያዘ። እሷ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄደች። እዚያ ምን አለ?"

"ብርድ!"

"በረዳት። በጣም በረዳት። ሲበርዳት ጊዜ 'ኤጭ፣ ቀበሮ ይውሰደው!' አለች። ቀበሮ ጆሮው ትልቅ አይደል? ሰማ። መጣና 'ሰጥተሽኛል፣ ልውሰድ' አላት።"

ዘሐራ ከጥጓ ተነሥታ ቀረብ አለች። "ከዚያ በላት?"

"ማንን?"

"የቀናችዋን።"

"አልበላትም።"

"ለምን?"

እውነት ለምን? ሁሉም ያዩኛል። "እናቷ ሰማቻ!" አልኳት። "'ውይ ልጄ! እዚያ ብርድ ላይ ናት ለካ! በርዷት ነው እንጂ ወንድሟን ጠልታ አይደለም' አለች። ገልበጥ አለችና በዚህ ጎኗ እሱን፣ በዚያ ጎኗ እሷን አቀፈች። ለካ እናት ጎኗ ሁለት ነው።" ዘሐራ ትንፋሿን ለቀቀች፤ እስካሁን ይዛው የነበረ ይመስል ረጅም ነው።

"ቀበሮውስ?" አለ ጌቱ።

"በድንጋይ ይባረር!" "ውሻ ይልቀቁበት!" ልጆቹ ተንጫጩ።

"እሱም ብርድ ላይ ነው እኮ" አለ ጌቱ።

"ይበላቸዋላ!"

"አይበላም! ርቦት አይደለም የመጣው። ብቻውን ስለሆነ ነው።"

"እንግዲያው ቀበሮው ምን ይበል፣ ጌትዬ? አንተ ጨርሰው" አልኩት።

የሹራቡን ክር እየመዘዘ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ "ከማልን መልሻለሁ" አለ። አልማዝ አዲስ አበባዋን የሚነጥቋት መስሏት ይሆናል፣ "አገር አይመለስም!" ብላ ተነሣች። ጌቱ ፊቱ ቀልቶ "እኔ መለስኩ አልኩ! የኔ ነው፣ መለስኩት!" ብሎ ጮኸና አለቀሰ። ማንም አልተከራከረም። "ግን ሲድን ልየው" አለ። ዘሐራ አሰበችበት። "ታየዋለህ" አለችው፤ "ግን ጫማህን አውልቀህ።" ከዚያ ተቀመጠችና ያንን የቀዘቀዘ ወተት ግጥም አድርጋ ጠጣች።

ይህን ለልጄ ስነግራት ዓይኗን ጠራረገችና "ታዲያ ድቡ ምን ይሁን?" አለችኝ። ድቡን ይቅርታ አታስጠይቂው፤ መጀመሪያ በርዶህ ነው በይው፤ ከዚያ መጨረሻውን ለራሱ ለቅዱስ ተይለት አልኳት። ቀላል አይደለም። መጨረሻውን ለልጅ የተወ ሰው የሚመጣውን መቻል አለበት። ያን ቀን አሰለፈች ጌቱን ልትወስደው ስትመጣ በር ላይ "እማዬ፣ አባዬ ትንሽ ይቆያል" አላት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ማየት አልቻልኩምና ሹራብ ማጣጠፍ ጀመርኩ። የጌቱ አባት እኔ ጎባን እስክለቅ ድረስ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

የሳምንቱ መጨረሻ ግን እንዴት አለፈ አትበሉኝ። "መጣልሽ፣ ተመለሰልሽ" አስብዬ ለዘሐራ ወንድሟን መልሼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አሁን ቢሞትስ? ሰጥታው ሳለ ከሚሞት ይልቅ ተመልሶላት ቢሞት ይብሳል። ቅዳሜ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ፈርቼ ተመለስኩ። እሑድ ማርያም ሄጄ ለእስላሙ ልጅ ጧፍ አበራሁ፤ አባቱም በየመስጊዱ ዱአ ሲያስደርጉ ነበር አሉ። በየመንገዱ ሰው ሲያለቅስ የሰማሁ እየመሰለኝ ቆም እላለሁ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ ገቡ። ዘሐራ የለችም። ምድጃውን አቀጣጠልኩ፣ መዝሙሩን አስጀመርኩ፣ አሁንም የለችም። ጌቱ ከመስኮቱ አልተነቀለም። ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ገባች፤ ብቻዋን፤ አባቷ ከውጪ አድርሰዋት ሄደዋል። ፊቷን አየሁት። ቅጭም ብሏል። ዓይኗ ያበጠ ነው።

"ዘሐራ?" አልኳት። "ከማልስ?"

"አልፈልገውም!" ብላ ጮኸች። "ማታ ይዘውት መጡና አልጋዬ ላይ ሸናብኝ! ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ፣ እንቅልፍ ነሣኝ! እማዬ ደግሞ ትስቃለች!"

እዚያው ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እየሣቅሁ ነው የማለቅሰው፣ እያለቀስኩ ነው የምስቀው፣ አላውቀውም፤ ልጆቹ ከበቡኝ። ጌቱ ከመስኮቱ እየሮጠ መጥቶ መሀል ገባ። "ካልፈለግሽው" አለ፣ "እኔ..."

ዘሐራ ዞር ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ማን ሰጠህ?" አለችው።